ዜና ዶንጋ ዘኦሞ ሸለቆ

ከጂንካ ተነሥቶ የማጎን ብሔራዊ ፓርክ ለተሻገረ መንገደኛ የሙርሲ ምድር ይገጥመዋል። በዚያ ቆላ ማሽላው ታጭዶ እህል ጎተራ ሲገባ ዶንጋ የሚባለው የዱላ ግጥሚያ ወራት ይሆናል። እህል በታጣበት ዘመን ጎበዛዝት አይጠራሩም፤ እንግዳ የሚያበላ የለምና። ጥጋብ በሆነ ጊዜ ግን የአንዱ አገር ወጣቶች ወደ ሌላው አገር ወጣቶች ይልካሉ፣ ቀንም ይቆርጣሉ። ያላገቡት ጎበዛዝት ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ይበረታሉ፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚደርስ ዱላም ቆርጠው ያዘጋጃሉ። በቀጠሮው ቀን እየዘፈኑ በሰልፍ ይመጣሉ። የተጋጣሚውም ትጥቅ ሙሉ ነው፤ በደረቱ የነብር ቆዳ፣ በእጁ እንደ ቅርጫት የተሰፋ መከላከያ፣ በክርኑና በጉልበቱ የቃጫ ጉንጉን፣ በቅልጥሙ ጠፍር፣ በወገቡም የከብት ደወል ያስራል። ዱላውን ከግርጌው በሁለት እጁ፣ ግራውን ከቀኙ በላይ አድርጎ ይይዛል፤ ምቱ ርቆ የሚሄደውና የሚከብደው በዚህ አያያዝ ነው። ዳኛ በአጠገባቸው ይቆማል፤ ነገሩ ከልክ ሲያልፍም ገብቶ ይለያቸዋል። የወደቀ ወይም ያፈገፈገ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የደም ጥማት ነው ብለው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን እነዚህን አገሮች አንድ ሕዝብ አድርጎ የሚያኖር ሥርዓት ነው እላለሁ። ማስረጃዬም ማን ከማን ጋር ይገጥማል የሚለው ነው። የአንድ አገር ልጆች እርስ በርሳቸው አይጋጠሙም፤ ግጥሚያው ከሌላው የሙርሲ አገር ጎበዛዝት ጋር ነው፤ ከኦሞ ማዶ ካሉት፣ በቋንቋም ከሚቀርቧቸው ከሱሪዎች ጋርም ይደረጋል። ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር ጦርነትም ሆኗል፣ እርቅም ወርዷል፤ ዶንጋ ግን የለም። እንግዲህ ዶንጋ የሚገጥሙት ነገ አብረው ከሚኖሩት ጋር ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙርሲን ያጠናው ዴቪድ ተርተንም፣ ጦርነት ከውጭ ሕዝብ የሚለየውን ድንበር እንደሚያጸና፣ ዶንጋም በሕዝቡ ውስጥ ያሉትን አገሮች ለይቶ እንደሚያቆም ጽፏል። እንዲህ ያለው ነገር በሩቅ አገርም ታይቷል። በነሐሴ 1895 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሰሜን ያሉ የራግቢ ክለቦች፣ ከማዕድን ጉድጓድና ከፋብሪካ ለሚመጡት ተጫዋቾቻቸው በጨዋታ ምክንያት የሚቀርባቸው ደመወዝ ይካስ ብለው ከነባሩ ማኅበር ተለዩ፤ ጨዋታቸውም ኋላ ራግቢ ሊግ ተባለ። በሁለተኛው የውድድር ዘመን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አቆሙ፤ በሚያዝያ 1897 እ.ኤ.አ. በሊድስ ከተማ ባትሊ ሴንት ሄለንስን 10 ለ 3 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ። እነዚያን የሠራተኛ ከተሞች ያስተሳሰራቸው የብሩ ዋንጫ ብቻ አልነበረም፤ የተሸነፈው በከርሞው ዓመት ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈቅደው ሕግ ነበር። በኦሞ ዳር ዋንጫ የለም፤ ሕጉ ግን አለ።

ዶንጋ ይከልከል የሚሉት የሚያነሡት፣ ሰው ይጎዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። እጅ ይሰበራል፣ ዓይን ይጠፋል፣ የሞተም አለ። ነገር ግን በዶንጋ መግደል ክልክል ነው፤ ቢሆንም ካሳ ያስከፍላል እንጂ ጀግና አያሰኝም። ዳኛ የሌለበትን ግጭት መልክ ማየት የፈለገ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ክላሽንኮቭ የታጠቀ ኃይል በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሙርሲዎችን የፈጀበትን ጊዜ ያስታውስ። ጠመንጃ በቆላው ከተስፋፋ ወዲህ፣ ወጣት ጉልበቱንና ክብሩን በዱላና በዳኛ ፊት የሚያሳይበት አደባባይ ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ይህን አደባባይ የሚዘጋ ምን ሊተካበት እንዳሰበ አስቀድሞ ይናገር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ነገሩ ዛሬ የቱሪስት ትርኢት ሆኗል ይላሉ። ከጂንካ በመኪና እየመጡ ፎቶ በገንዘብ የሚያነሡ እንግዶች እንዳሉ የታወቀ ነው። ለካሜራ ተብሎ የሚጠራ ግጥሚያ መኸር አይጠብቅም፤ የሌላው አገር ጎበዛዝትም በቀጠሮ አይመጡበትም። ቁስሉ ያው ነው፣ የሚያስገኘው ሰላም ግን የለም። ስለዚህ ክልከላ የሚገባው ለዚህ ትርኢት ነው፤ የመኸሩን ዶንጋ ከዚህ ጋር አንድ አድርጎ መኰነን ግን ፍርድ ማጓደል ነው። ደግሞም የዶንጋ ወራት መሠረቱ እህል ነው። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የኦሞን የዓመት ሙላት ካስቀረ በኋላ፣ ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር ይዘራ የነበረው ማሽላ ተጎድቷል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ዶንጋን የሚከለክል ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ሳይከለከል ይቀራል።

የዞኑን ነገር የምትመሩ ሆይ፣ ስለ ዶንጋ ከመወሰናችሁ በፊት የሙርሲን ሽማግሌዎችና የግጥሚያውን ዳኞች አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የወንዝ ዳሩንም እርሻ ነገር በዚያው ጉባኤ አንሡ።