የአያት የልደት ዓመት በየሰነዱ ሲለያይ

የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መመዝገብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ችግር የተለያየ የልደት ዓመት ነው። ለምሳሌ አንድ አያት ሥራ ሲቀጠሩ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ 1938፣ የቀበሌ መታወቂያቸው 1948፣ ፓስፖርታቸው ደግሞ 1956 ይላል እንበል። ጡረታ ወይም ውርስ ሲመጣ እንዲህ ያለ ልዩነት ቤተሰብን ያጉላላል።

በቅድሚያ አቆጣጠሩን እንለይ። በኢትዮጵያ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ሲደመር የፈረንጁ ዓመት ይገኛል። ስለዚህ 1948 እና 1956 አልተጋጩም። ፓስፖርቱ ከመታወቂያው የተገለበጠ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሰነዶች እንደ አንድ ምስክር ብቻ ይቆጠራሉ።

የልደት ሰርተፊኬት አለ ብሎ መዝጋትም አይቻልም። በአዋጅ 760/2004 የተደነገገው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ክረምት ነው። የአንድ አዛውንት ሰርተፊኬት በቅርቡ የወጣ ከሆነ የተጻፈው ዘግይቶ በተነገረ ቃል ነው። ሰነዱ መቼ፣ በማን ቃል ተጻፈ? ከማኅተሙ ይልቅ ይህ ይመዝናል።

በእኛ ቤቶች ትልቁ መረጃ ግን የእናቶች ትውስታ ነው፤ “በረመዷን፣ በሐምሌ ዝናብ ወለድኩት” ይላሉ። ይህን ንቆ ማለፍ ስህተት ነው። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዷን ወቅቱን እየለወጠ ይሄዳል፤ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1948 ረመዷን የዋለው በሚያዝያ ነው፤ ሐምሌን ከቶ አልነካም። በ1938 ግን ሐምሌ 23 አካባቢ ገብቷል። የቅጹ ዓመት ከእናት ቃል ጋር ገጠመ ማለት ነው።

ይህ ግን 1948ን ይጥላል እንጂ 1938ን ብቻውን አያጸድቅም፤ ከ1939 እስከ 1942 ባሉት ዓመታትም ረመዷን ሐምሌን ነክቷል። ከአምስቱ ለመምረጥ የታላቅና የታናሽ ወንድሞችን ዕድሜ፣ አብሮ አደጎችን፣ በኪታብ ሽፋን ላይ በሂጅራ የተጻፈ ማስታወሻ ካለም እሱን ማየት ይበጃል። “የጁምዓ ሌሊት” ከተባለ ሐሙስ ማታ መሆኑ አይረሳ፤ በሂጅራ ቀኑ የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

መለየት ካልተቻለ በሐረጉ ላይ “ከ1938 እስከ 1942፣ በረመዷን” ተብሎ ይጻፍ፤ የተጣለው 1948ም ከነምክንያቱ በግርጌው ይቀመጥ።