የባክቴሪያ ልባስ

በጤና ጽሑፎች ላይ «ሕይወታዊ ፊልም» የሚል አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። ጸሐፊዎቹ የእንግሊዝኛውን «ባዮፊልም» ለሁለት ከፍለው ግማሹን ተረጎሙ፣ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ዳሌያቸው የተቀየረላቸው እናት «ብረቱ ላይ ሕይወታዊ ፊልም ተሠርቷል» ቢባሉ ምን ይረዳሉ? ለአማርኛ ሰሚ ፊልም ሲኒማ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በሽታውን ከበሽተኛው ይሰውራል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ነገሩስ እንግዳ አይደለም። ባክቴሪያ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ከራሱ ዝልግልግ ነገር አመንጭቶ እዚያው ውስጥ ይሸሸጋል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒት በቀላሉ አይደፍረውም፤ ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል።

«ስስ ሽፋን» የሚሉ አሉ። ሸፈነ ግን ሸፋኝና ተሸፋኝን ይለያል፤ ሽፋን ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። «ስልባቦት» የሚለው ልቤን ማርኮት ነበር፤ ወተቱ ራሱ የሚያወጣው ነውና። ሆኖም ስልባቦት ይንሳፈፋል፣ ይሄኛው ይጣበቃል። ደግሞ ማን ስልባቦትን ይፈራል?

እኔ «ልባስ» እላለሁ። ከግእዙ ለብሰ የወጣ፣ የልብስና የአልባሳት ወንድም ነው። ለበሰ ስንል አድራጊው ለባሹ ራሱ ነው፤ የባክቴሪያውም ሥራ ይኸው ነው። «ልብጥ»ም ቅርብ ነበር፤ እሱን ግን ለብረቱ እንተውለት፤ ማመርቀዝን ለመከላከል በብር የሚለበጡ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያዎች አሉና። ባክቴሪያው ይለብሳል፣ ብረቱ ይለበጣል። ይህን ያህል አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ ፊልም የሚበደረው ለምንድን ነው?

ልባስ ከነግሡ መምጣቱ ደግሞ መከላከልን ለመናገር ይመቻል፤ ሥራው ሁሉ ባክቴሪያው ሳይለብስ መቅደም ነውና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ራይቲንግተን ሆስፒታል የዳሌ ቅየራን ያስፋፋው ጆን ቻርንሊ ማመርቀዙ ቢያስቸግረው የተጣራ አየር የሚወርድበት ክፍልና የቀዶ ሐኪሙን ትንፋሽ የሚስብ ልብስ አበጀ፤ ከመቶ 7 ገደማ የነበረው ከ1 በታች ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2016 መመሪያም ታካሚው አስቀድሞ ገላውን እንዲታጠብ፣ ጸጉሩ በምላጭ እንዳይላጭ፣ አንቲባዮቲኩም ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ ይመክራል። ሐኪሙ ዳሌያቸው ለሚቀየርላቸው እናት የመድኃኒቱን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያስረዳቸው ይችላል፦ «መድኃኒቱን አስቀድመን የምንሰጥዎት ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ሳይለብስ እንዲያገኘው ነው፣ እማማ።»