የመሪና የፍሬቻ ታሪክ፦ ከጂቡቲ ወደብ እስከ መንገዳችን

የመኪና መሪ በግራ ወይም በቀኝ መተከሉ ለብዙ ሰው የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን የወደብ፣ የምድር ባቡር፣ የጎረቤት አገርና የሕግ ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን። ከመሪው ዘንግ ላይ የተገጠመችው ትንሽ የፍሬቻ ማብሪያ እንኳ የራሷ ታሪክ አላት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ታሪክ ከጂቡቲ ከተማ ተነስተን እንከታተላለን። ዓላማችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የታሪክ መምህር በየመንገዱ ከሚታይ ተራ ነገር ተነስቶ ማስተማር እንደሚችል ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ይህን ታሪክ አለማወቅ በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ማስገንዘብ ነው።

ጂቡቲ የመኪና በር

ፈረንሳዮች የጂቡቲን ከተማ መቆርቆር የጀመሩት በ1880 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአስተዳደራቸውን መቀመጫ ከኦቦክ ወደዚያ አዛወሩ። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከዚያው ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በከተማይቱ መካከል የሚገኘው አደባባይ ለብዙ ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ስም መጠራቱ የሁለቱን አገሮች ቁርኝት ያስታውሳል።

የመጀመሪያዋ መኪና ግን ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪደርስ አልጠበቀችም። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪናውን ጂቡቲ ላይ አውርዶ፣ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን መኪና አመጣ። በዚያ ዘመን የአብዛኞቹ መኪናዎች መሪ በቀኝ ነበር። መሪን በግራ ማድረግ በዓለም ዙሪያ እየተለመደ የሄደው ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ ሲሆን፣ ለዚህም በዚያው ዓመት በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ መኪና ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ስሞቹ ምን ይነግሩናል?

የመኪና ዕቃዎች ስም ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። «ፍሬን»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ማርሽ»፣ «ጎማ» እና «ዳዶ» ደግሞ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «መሪ» ግን «መራ» ከሚለው ግሥ የወጣ የራሳችን ቃል ነው።

«ፍሬቻ» በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። መብራቱ ለምን ቀስት ተባለ? በመጀመሪያ ሾፌሮች ወደየት እንደሚታጠፉ የሚያመለክቱት እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ነበር። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከመኪናው ጎን እንደ ክንፍ ብቅ የሚል፣ ውስጡ መብራት ያለው ትንሽ ዘንግ ተፈለሰፈ። ያ ቀስት የሚመስል ዘንግ ከመንገድ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም፣ ስሙ በእኛ ቋንቋ ብልጭ ድርግም ለሚለው መብራት ቀርቷል። በአሜሪካ የቡዊክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ብልጭ ድርግም የሚል ፍሬቻ በመኪናዎቹ ላይ ገጠመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት መሪው ሲመለስ ራሱ የሚጠፋውን ዓይነት አወጣ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የፍሬቻና የመሪ ዘንግ ዕጣ አንድ ላይ ተሳሰረ።

ከግራ ወደ ቀኝ

በፈረንሳዮች ትተዳደር የነበረችው ጂቡቲ በመንገድ ቀኝ በኩል ስትነዳ፣ ኢትዮጵያ በግራ በኩል ትነዳ ነበር። ስለዚህ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በመኪና የሚሻገር ሰው ድንበሩ ላይ መስመሩን መለወጥ ነበረበት። ይህ ልዩነት የቀረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ ስትዛወር ነው። ስዊድን በ1959 ዓ.ም.፣ ሱዳን በ1965 ዓ.ም. ተከተሉ። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች።

በቀኝ በሚነዳበት አገር መሪው በግራ እንዲሆን የሚፈለገው በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ሾፌሩ ለመንገዱ መካከል ቀርቦ ሲቀመጥ፣ ለመቅደም ሲያስብ ከፊት የሚመጣውን አስቀድሞ ያያል። መሪው በቀኝ ከሆነ ግን ከጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ለማየት መኪናውን ግማሽ በግማሽ ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት።

መሪው የዞረ መኪና

በ1990 ዓ.ም. የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ የአሰብ በር ስለተዘጋ፣ የአገራችን የገቢ ዕቃ በአብዛኛው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ ሆነ። ከዚህም ጋር በጃፓን ያገለገሉ መኪናዎች በብዛት መጡ። ጃፓን በግራ የምትነዳ አገር ስለሆነች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ በዱባይ መሪያቸው ወደ ግራ ከተዛወረ በኋላ በመርከብ ተጫኑ። «ቪትዝ» የሚለው ስም በከተሞቻችን መለመዱ የዚሁ ታሪክ ምልክት ነው። ቶዮታ ይህን ስም የሰጠው ለጃፓን ገበያ ነበርና፤ በአውሮፓ የተሸጠው ያው መኪና «ያሪስ» ይባላል።

መሪ ማዞር የመሪውን ክብ ብቻ አንስቶ ማዛወር አይደለም። የመሪው ዘንግ፣ መገጣጠሚያዎቹ፣ ጎማን የሚያዞረው ጥርስ ያለው ክፍል፣ የፍሬን መርገጫውና ሽቦዎቹ ሁሉ ቦታ ይለውጣሉ። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው ብረትም ለዘንጉ ይበሳል። ፋብሪካው ለዚያው መኪና የሠራው የግራ መሪ ዕቃ ካልተገጠመ፣ ወይም ብረቱ ተቆርጦ በብየዳ ከተቀጠለ፣ ችግሩ የሚታየው መኪናው ከተሸጠ በኋላ ነው።

ችግሩን እንዴት እናውቃለን?

በመጀመሪያ የፊት ጎማዎች ቀጥ ባሉበት መሪውም ቀጥ ማለት ይገባዋል። መኪናው በሚገባ ተደግፎ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ከተነሱ በኋላ፣ መሪው ከመካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ሲዞር ዙሩ እኩል መሆኑ ይቆጠራል። በአንድ ቦታ የሚከብድ ከሆነ የመገጣጠሚያው አቅጣጫ ጠማማ ሊሆን ይችላል። መሪው ሲነቃነቅ ጎማው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ብሎኖቹና መገጣጠሚያዎቹ ይመርመሩ። በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ ከተገኘ ግን በመኪናው መንዳት ወዲያው መቆም አለበት።

ፍሬቻ ከታጠፉ በኋላ በአንድ በኩል ብቻ ራሱ የማይጠፋ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቦ አይደለም። በዘንጉ ላይ ያለው ጉጥ መሪው ሲመለስ ማብሪያውን ገፍቶ ያጠፋል። መሪው አንድ ጥርስ ያህል ዞሮ ከተገጠመ ይህ ጉጥ ከቦታው ውጭ ይሆናል። ፍሬቻው ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ግን በቅደም ተከተል ፊውዙ፣ አምፖሉ፣ «ማሳ» የሚባለው ወደ መኪናው አካል የሚመለሰው ሽቦ፣ በመጨረሻም ማብሪያው ይታያል። ማብሪያው የጃፓኑ እንደሆነ ከቀረ የፍሬቻው ዱላ በቀኝ እጅ በኩል ይሆናል። የግራ መሪ የለመደ ሾፌርም ፍሬቻ ያበራሁ መስሎት የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳል። ከኋላ ያለው መኪና ግን ምንም ምልክት አያይም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር የፊት መብራቱ ነው። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ጠርዝ ይወረውራል። በእኛ መንገድ ግራው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ያለበት ነው። በሌሊት ሚሌንና ጋላፊን አልፎ ወደ ጂቡቲ የሚወርደውን የጭነት መኪና ሾፌር የሚያጥበረብረው ይህ ነው። መሪ ሲዞር መብራቱም ካልተለወጠ ሥራው ገና አልተፈጸመም።

ለመምህራን

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊት የገቡት ግን ገና ለብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ስለዚህ ይህን ትምህርት ወደ ክፍል እንዲወስዱት መምህራንን እናሳስባለን። የታሪክ መምህሩ ተማሪዎቹን የመኪና ዕቃ ስሞችን ከአካባቢያቸው ጋራዥ ሰብስበው ከየት ቋንቋ እንደመጡ እንዲለዩ ያድርግ። የጂኦግራፊ መምህሩ በቀኝና በግራ የሚነዱ ጎረቤቶቻችንን በካርታ ላይ በቀለም ያስለይ። የፊዚክስ መምህሩ የፍሬቻን ሽቦ ከባትሪ እስከ ማሳ በሰሌዳ ይሣል። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ነገ መካኒክ፣ ሾፌር ወይም መኪና ገዢ የሚሆኑ አሉ። መኪና ሲቀርብላቸው ከቀለሙ በፊት ጎንበስ ብለው የመሪውን ዘንግ እንዲያዩ ካስተማርናቸው፣ ትምህርቱ ሥራውን ሠርቷል።