የእንግሊዝኛ ቋንቋ የማዳመጥና የማንበብ ክህሎት ምዘና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአማርኛና ከጥቂት ክፍለ ጊዜያት በስተቀር የዕለቱን ትምህርት የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። የሒሳብ፣ የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የመምህሩ ገለጻም በደንቡ መሠረት በዚሁ ቋንቋ መሰጠት ይኖርበታል። ይሁንና ይኸው ተማሪ ከአራት ዓመት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀመጥ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገርን ነገር ሰምቶ የመረዳት ችሎታውን የሚለካ አንድም ጥያቄ አይቀርብለትም። የሚመዘነው በወረቀት ላይ ያነበበው ብቻ ነው።

ጉዳዩ በቋንቋ መምህራን ዘንድ አዲስ አይደለም። በአስተዳደር እርከን ላይ ለሚገኙ ኃላፊዎች ግን በቀላሉ አይታይም። ለዚህም ምክንያቱ ከትምህርት ቤቱ ሮስተር ጀምሮ ወደ ላይ በሚተላለፉ ሪፖርቶች «እንግሊዝኛ» በአንድ ዓምድና በአንድ ቁጥር ተጠቃልሎ መቅረቡ ነው። 52 ያገኘ ተማሪ አንብቦ የሚረዳ ይሁን፣ ሰምቶ የሚረዳ ይሁን፣ ወይም የሰዋስው ሕግ በቃሉ የያዘ ብቻ ይሁን ቁጥሩ አይናገርም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን መደንገጉ ይታወቃል። አፈጻጸሙ ግን ከክልል ክልል ይለያያል። በአዲስ አበባ እንግሊዝኛ ለረጅም ዓመታት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። በአማራ ክልል በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲሰጡ፣ በኦሮሚያ ክልል እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ተሰጥቷል። በመሆኑም ከክልል ወደ መዲናዋ የመጣና በከተማዋ ያደገ ተማሪ 9ኛ ክፍል ላይ በአንድ ዴስክ ሲቀመጡ፣ አንደኛው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ገለጻን ለሁለት ዓመት ሲያዳምጥ የቆየ፣ ሌላው ገና በዚያው ሳምንት የጀመረ ሊሆን ይችላል። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚለካ የመግቢያ ምዘና ግን በመደበኛነት አይሰጥም።

ብሔራዊ ፈተናው ራሱ በርካታ ለውጦችን አስተናግዷል። በተለምዶ «ማትሪክ» እየተባለ የሚጠራው የ12ኛ ክፍል የትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲቀር፣ በምትኩ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የ10ኛ ክፍል የአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና መሰጠት ጀምረዋል። የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ እንዲቀር ተደርጓል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ተቋምም የአገር አቀፍ ፈተናዎች ድርጅት፣ ቀጥሎም የአገር አቀፍ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች ኤጀንሲ ከተባለ በኋላ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት የሚለውን መጠሪያ ይዟል። የተቋሙ ስም፣ የክፍል ደረጃውና የፈተናው መጠሪያ ሲለዋወጡ ሳይለወጥ የቆየው የእንግሊዝኛው ፈተና ቅርጽ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባለ ምርጫ ሆኖ ምንባብ፣ ሰዋስው፣ የቃላት ዕውቀት፣ የዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተልና የንግግር ልውውጥ ጥያቄዎችን ይይዛል።

የንግግር ልውውጥ የተባለው ክፍል አንዳንዴ ማዳመጥን እንደሚተካ ተደርጎ ይነሳል። በዚህ ክፍል የሁለት ሰዎች ምልልስ ታትሞ ይቀርብና ተማሪው ባዶ ቦታውን የሚሞላውን አባባል ይመርጣል። ይህ ግን ንባብ እንጂ ማዳመጥ አይደለም። በታተመ ወረቀት ላይ ቃላት በክፍተት ተለይተው ይታያሉ፣ ዓይን ተመልሶ ሊያያቸው ይችላል። በንግግር ውስጥ ደግሞ ቃላት እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ያልተጫነባቸው ክፍለ ቃላት ይዋጣሉ፣ ያመለጠውም ተመልሶ አይመጣም። «ካን» እና «ካንት» በወረቀት ላይ የማይምታቱ ሲሆኑ በፍጥነት በሚነገር እንግሊዝኛ ግን «ይቻላል» እና «አይቻልም» የሚለያዩት በአንዲት ደካማ ድምፅ ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ማለትም 15 እና 50 እንዲሁ የሚለዩት በአብዛኛው ጫናው በሚያርፍበት ክፍለ ቃል ነው። አማርኛ ቃላትን የሚለየው በዚህ ዓይነት ጫና ሳይሆን ፊደልን በማጥበቅና በማላላት ስለሆነ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህን ልዩነት ለመያዝ ልምምድ ይፈልጋል። በስብሰባ ላይ የበጀት አኃዝ በእንግሊዝኛ ሲነገር የሰማ የመንግሥት ሠራተኛ ስህተቱ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል አያጣውም።

የማንበብ ክህሎትም ቢሆን ይመዘናል ማለት በሚገባ ይታወቃል ማለት አይደለም። ከብሔራዊ ፈተናው ጎን ለጎን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በናሙና ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ምዘና በ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያሳየው አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 38.7 በመቶ፣ በ1996 ዓ.ም. 41.1 በመቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 38.4 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በዚያን ጊዜ በብዛት የተጠቀሱት ከ50 በመቶ በታች መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ነገር ግን ባለ አራት አማራጭ በሆነ ፈተና ምንም የማያውቅ ሰው በግምት ብቻ ከ100 ጥያቄ 25 ያህሉን ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ አንጻር ሲሰላ 38 ያገኘ ተማሪ በርግጥ አውቆ የመለሰው 17 ያህል ጥያቄ ሲሆን ቀሪው የዕድል ውጤት ነው። ሪፖርት የሚያነብ ኃላፊ ይህን ስሌት በኅዳግ ላይ ቢያስቀምጠው አይከፋም።

እነዚህ ተማሪዎች በዚያው የትምህርት ደረጃ ማግስት ወደ 9ኛ ክፍል ገብተው ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ጀምረዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ ተማሪ ምንባቡን ሳይረዳ የምንባብ ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል ከምንባቡ ፈልጎ፣ ከጎኑ ያለውን ቃል የያዘ አማራጭ መምረጥ በየማጠናከሪያ ትምህርቱ የሚሰጥ የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው የማይሠራው ጥያቄው ሐሳብን ከሐሳብ ማገናኘት ሲጠይቅ ነው። ለምሳሌ «አንለስ» ማለትም «ካልሆነ በስተቀር» የሚለው ማያያዣ የአንድን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ሙሉ በሙሉ ይገለብጠዋል፤ በውስጡ ያሉትን ስሞች ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ ይህችን ቃል ከሳተ የተቃራኒውን ይረዳል። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን እንደሚታተም የሚያውቁ አንባቢዎች፣ የሕግ ድንጋጌዎች ምን ያህል በእንዲህ ዓይነት ማያያዣዎች ላይ እንደሚቆሙ ይገነዘባሉ። ጥሩ የንባብ ፈተና ዋና ሐሳብን፣ ዝርዝር መረጃን፣ ተውላጠ ስሙ ማንን እንደሚያመለክት፣ በግልጽ ያልተነገረውን ነገርና ቃሉ በዚያ ቦታ የያዘውን ትርጉም ለየብቻ ይጠይቃል፤ ውጤቱንም ለየብቻ ያሳውቃል። ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይልቅ የጎደለ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ መሆኑ ይፋ ተደርጓል። ለዚህ ውጤት የቀረቡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ሆኖም የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተማሪው የወደቀው ፊዚክስ ባለማወቁ ይሁን ጥያቄውን ባለመረዳቱ ከጠቅላላ ውጤቱ መለየት አይቻልም። የማለፊያ ነጥብ ያላመጡ ተማሪዎች በሚወስዱት የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ እንግሊዝኛ በተፈጥሮም በማኅበራዊ ሳይንስም መስክ መካተቱ ችግሩ የታወቀ መሆኑን ያሳያል።

ማዳመጥ በሰፊው የተፈተነበት አንድ አጋጣሚ ነበር፤ ፈተና ተብሎ ባይጠራም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማብቂያ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው «ፕላዝማ» በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርትን በየክፍሉ አድርሷል። ትምህርቱ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ሲሆን የአቅራቢዎቹ የንግግር ፍጥነትና የአነጋገር ዘዬ ለተማሪዎች እንግዳ ነበር። ሥርጭቱ ለማንም አይጠብቅም፤ ማስታወሻ የሚጽፍ ተማሪ ቀና ሲል አቅራቢው ወደ ሌላ ርዕስ ተሻግሯል። በጊዜው የተነሳው ቅሬታ በአብዛኛው በቴክኖሎጂው ላይ ያተኮረ ነበር። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ፕላዝማው ያጋለጠው ቀድሞ የነበረን ጉድለት ነው። ተማሪዎቹ በዚያ ፍጥነት የሚነገር እንግሊዝኛን መስማት የሚችሉ መሆን አለመሆናቸውን አስቀድሞ የለካ አልነበረም።

የማዳመጥ ፈተና በብሔራዊ ደረጃ የማይሰጥበት ምክንያት ለመረዳት አያዳግትም። በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ተፈታኞች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጥራት ድምፅ ማድረስ ኤሌክትሪክ፣ የድምፅ ማጉያና መጠባበቂያ ይጠይቃል። የምስጢር ጉዳይም አለ። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. መሰጠት የነበረበት የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛው ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ ድረ ገጾች በመሰራጨቱ ተቋርጦ ወደ ሰኔ መጨረሻ መዛወሩ ይታወሳል። በድምፅ የተቀረጸ ፈተና ሲጨመር የሚጠበቀው ነገር ይበዛል።

ይህም ሆኖ ብዙ ተፈታኝ ያለባቸው አገሮች መንገድ አግኝተዋል። በቻይና በየዓመቱ በሰኔ ወር መጀመሪያ ለሚሰጠው የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የሚቀመጡት ተማሪዎች በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ150 ነጥብ ይያዛል። በብሔራዊው የፈተና ወረቀት ከዚህ ውስጥ 30 ነጥብ ለማዳመጥ፣ 50 ነጥብ ለምንባብ የተመደበ ነው። አጫጭሮቹ ምልልሶች አንድ ጊዜ፣ ረዘም ያሉት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። የማዳመጡን ነጥብ በተለየ መንገድ የሚይዙ አውራጃዎች መኖራቸውም አይዘነጋም። በደቡብ ኮሪያ ከ45 የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች 17ቱ የማዳመጥ ሲሆኑ፣ ድምፁ በሚሰማበት ጊዜ አውሮፕላኖች እንዳይነሱና እንዳያርፉ ይደረጋል። በሁለቱም አገሮች እንግሊዝኛ አንድ የትምህርት ዓይነት እንጂ የማስተማሪያ ቋንቋ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የቻይናው ተማሪ ኬሚስትሪን የሚማረው በቻይንኛ ነው፤ በማዳመጥ ግን ይፈተናል። የልደታው ተማሪ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በማዳመጥ አይፈተንም።

ለልደታ የኮሪያው ምሳሌ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ከሜክሲኮ በተግባረ እድና በልደታ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው መስመር ባቡሩም፣ ታክሲውም፣ የግንባታ ሥራውም ድምፅ አለው። መንገድ ዳር ባለ ክፍል በመስኮት አጠገብ የተቀመጠና ከጥቁር ሰሌዳው ፊት የተቀመጠ ተማሪ እኩል አይሰሙም። ስለዚህ ምዘናው ከብሔራዊ ፈተና ይልቅ በትምህርት ቤት ደረጃ በሚሰጠው ተከታታይ ምዘና ውስጥ ቢጀመር የተሻለ ነው የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

ለዚህም የሚሆነው ነገር በእጅ አለ። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ የማዳመጥ ክፍል ያለው ሲሆን ጽሑፉን መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል። በተግባር ግን ክፍሉ በብሔራዊ ፈተና ስለማይመጣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ክፍሉን ወደ ምዘና ለመለወጥ ጽሑፉን በአንድ ፍጥነት ሁለት ጊዜ ማንበብ፣ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ንባብ በፊት ማሳየትና መልሱን አጭር ማድረግ ይበቃል። መልሱ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ስም ወይም «አዎ» እና «አይደለም» ሲሆን የተማሪው የጽሕፈት ድክመት የማዳመጥ ውጤቱን አያበላሸውም። ቀደም ሲል በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ የነበረው «ዲክቴሽን» ጥሩ ልምምድ ቢሆንም ጆሮንና የፊደል አጻጻፍን አንድ ላይ ስለሚለካ ለብቻው አይበቃም። ድምፁን በስልክ አንድ ጊዜ ቀርጾ በሁሉም ምድብ ክፍሎች ማሰማት ደግሞ መምህር ሲለያይ የሚመጣውን የአነባበብ ልዩነት ያስቀራል። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊያደርገው የሚችለው በሮስተሩ የእንግሊዝኛ ዓምድ ሥር ለማዳመጥና ለማንበብ ሁለት ንዑስ ዓምዶች እንዲከፈቱ ማድረግ ነው። ወጪው የወረቀት ነው።

የመስማት ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በዚህ ምዘና ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ነጥባቸው ከሌሎቹ ክፍሎች ብቻ የሚሰላበት ወይም በምልክት ቋንቋ የሚተካበት አሠራር ምዘናው ከመጀመሩ በፊት መወሰን ይኖርበታል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞች ከፊሎቹ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒውተር እየወሰዱ ናቸው። ለእነዚህ ተፈታኞች የማዳመጥ ጥያቄ ለመጨመር የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ የውጭው ድምፅ፣ የመቀመጫው ርቀትና የአንባቢው ልዩነት ችግር በአብዛኛው ይቃለላል። ፈተናውን በወረቀት የሚወስዱት ግን ይህ ዕድል ስለማይኖራቸው፣ ጥያቄው ለአንደኛው ወገን ተሰጥቶ ለሌላው ሊቀር አይችልም።