ቀስ ማለትን የተማረው ኮምፒዩተር

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፓችን ለምን ይንቀራፈፋል? በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ ነቀምቴም ይሁን አዲስ አበባ፣ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሳያስተውል አልቀረም። ገመዱ ሲነቀል ማሽኑ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባትሪው ግን ይበረክታል። ይህ ብልሽት አይደለም። የዓለም ግዙፍ ኮምፒዩተሮች ዘግይተው የተማሩት ብልሃት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ሊቀንስ እንደሚችል አሳዩ። ፕሮሰሰር ሠሪዎችም 30 ዓመት ያህል ፍጥነት ሲጨምሩ ኖሩ። በ2004 ግን ሙቀቱ አላስኬድ አለና ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ፕሮሰሰር ገበያ ሳይወጣ ሰረዘው።

መፍትሔው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2000 ኢንቴል ስፒድስቴፕን፣ ትራንስሜታ ደግሞ ሎንግራንን ይዘው ብቅ ብለዋል፤ ሁለቱም የፕሮሰሰሩን ፍጥነትና ቮልቴጅ አብረው ይቀንሳሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱም 20 ከመቶ ቢቀነሱ፣ ፕሮሰሰሩ ለሥራው የሚስበው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

በ2002 ዉ-ቹን ፌንግና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ 240 የትራንስሜታ ፕሮሰሰሮችን ደርድረው «ግሪን ዴስቲኒ»ን ሠሩ። ቦታው እንደ ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ማሽኑ የተቀመጠው ልዩ ማቀዝቀዣ በሌለው አቧራማ መጋዘን ነበር። በ2005 ፌንግና ቹንግ-ሲንግ ሱ ፍጥነትን እንደ ሥራው ጠባይ የሚቀያይር ፕሮግራም አቀረቡ፤ በሙከራቸው በአማካይ 20 ከመቶ ያህል ጉልበት ሲቆጠብ፣ ከፍጥነት የጎደለው ከ5 ከመቶ አልዘለለም። ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ፕሮሰሰር በሙሉ ፍጥነት ቢሠራ ትርፉ ሙቀት ነዋ! እርግጥ ነው፣ ቀስ ማለት ሁሌም አያዋጣም። ሥራው በጣም ከተራዘመ ሌላው የማሽኑ ክፍል የሚበላው ኃይል ቁጠባውን ይውጠዋል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? እስቲ ወደ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ እንሂድ። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር የጮመን ረግረግ፣ የግጦሽ መሬትና እርሻ በውኃ ተውጠው ነበር፤ ገበሬዎችም ተፈናቅለዋል። የማመንጫው አቅም 134 ሜጋ ዋት ነው። በ2022 አንደኛ የሆነው የአሜሪካው ሱፐር ኮምፒዩተር ፍሮንቲየር በዚያ ዓመት ብቻውን 21 ሜጋ ዋት ገደማ ይፈልግ ነበር። ፊንጫ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ የሚችለው ስድስት ፍሮንቲየርን ብቻ ነው ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለቢትኮይን ማይነሮች ኤሌክትሪክ ሸጧል። ስለ ዶላሩ ብዙ ተወርቷል። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ አለን፦ እነዚያ ማሽኖች በአንድ ዋት ምን ያህል ሥራ ይሠራሉ? ቀስ ቢሉስ የሚተርፈው ኃይል ስንት መንደር ያበራል? ለዚያ ዋት መሬቱን የሰጠ ገበሬ ስላለ፣ ጥያቄው መልስ ይገባዋል።