የደቡብ አፍሪካ ፊልሞችና የእርቅ መንገድ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ልንጽፍበት የመረጥነው ነገር ይህን ምሳሌ የሚያስታውስ ነው፤ ይኸውም በደቡብ አፍሪካ የዘር አድልዎ በነገሠበት ዘመንና ከዚያም በኋላ የተሠሩ የጥቂት ፊልሞች ታሪክ ነው። ሲኒማ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን አንድ መንግሥት ፊልምን ፈርቶ በፖሊስ እስከ ማስያዝ መድረሱን የተረዳ ሰው፣ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. ደራሲው አለን ፓተን «አልቅሺ፣ የተወደድሽ አገር» የሚለውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ናሽናል ፓርቲ ምርጫውን አሸንፎ አፓርታይድን የመንግሥት መመሪያ አደረገው። የመጽሐፉ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ስቲቨን ኩማሎ የተባለ ጥቁር የገጠር ቄስ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ወደ ጆሃንስበርግ ይሄዳል፤ ልጁም የአንድ ነጭ ባለርስት ልጅ ገድሎ ያገኘዋል። ሁለቱ አባቶች በልጆቻቸው ሐዘን ተገናኝተው ይተዛዘናሉ።

ይህን ታሪክ ዞልታን ኮርዳ በ1951 ዓ.ም. በፊልም አቀረበው። ቄሱን ሆኖ የተጫወተው ካናዳ ሊ፣ ወጣቱን ካህን ሆኖ የተጫወተው ደግሞ ሲድኒ ፖይቲዬ ነበሩ፤ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ፖይቲዬ በኋላ እንደ ተረከው፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የቻሉት እንደ ተዋናይ ተቆጥረው ሳይሆን የኮርዳ የውል አገልጋዮች ተብለው ነው። ስለ ወንድማማችነት የሚናገር ፊልም ለመሥራት ሲሉ በወረቀት አገልጋይ ሆኑ ማለት ነው! ካናዳ ሊ በገዛ አገሩ በአሜሪካም ቢሆን በኮሙኒስትነት ተጠርጥሮ ሥራ ተከልክሎ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. ሲሞት ይህ የመጨረሻ ፊልሙ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሊዮኔል ሮጎሲን የተባለ አሜሪካዊ ወደ ጆሃንስበርግ መጣ። ለባለሥልጣኖቹ የሙዚቃ ፊልም እንደሚሠራ ነግሮ ፈቃድ አገኘ፤ በስውር ግን የጥቁሮችን ኑሮ አነሣ። «አፍሪካ ሆይ ተመለሺ» የተባለው ይህ ፊልም በ1959 ዓ.ም. በቬኒስ ታየ። ጽሑፉን ከሮጎሲን ጋር ያዘጋጁት ብሎክ ሞዲሳኔና ሉዊስ ንኮሲ የተባሉ የአገሩ ጸሐፊዎች ናቸው። ተጫዋቾቹም አብዛኞቹ ተራ ሰዎች ነበሩ። ባለታሪኩ ዘካርያስ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ፣ የይለፍ ወረቀት ሕግ ከቦታ ቦታ ሲያንገላታው እናያለን። ፊልሙ ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ሶፊያታውን የተባለው ሰፈር ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ይፈርስ ነበር፤ በፍርስራሹም ላይ ለነጮች የተሠራው ሰፈር «ትሪዮምፍ»፣ ማለትም «ድል» ተባለ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀን በአንድ ጠባብ የመጠጥ ቤት የሚደረገው ክርክር ነው። የተማሩ ጥቁሮች ተቀምጠው የፓተንን መጽሐፍ ጭምር እያነሡ ይተቻሉ። ደግ ነን የሚሉ ነጮች ትሑትና ታጋሽ ጥቁር ይወዳሉ እንጂ ስለ ራሱ የሚናገር ሙሉ ሰው አይፈልጉም ይላሉ። እንግዲህ ሁለተኛው ፊልም ለመጀመሪያው መልስ ሰጠ ማለት ነው።

በዚያው ስፍራ የምትዘፍነው ወጣት ሚሪያም ማኬባ ናት። ለዚህ ፊልም ወደ ቬኒስ ሄደች፤ በ1960 ዓ.ም. እናቷን ልትቀብር ወደ አገሯ ለመመለስ ስትነሣ ግን ፓስፖርቷ መሰረዙን ሰማች። በግንቦት 1963 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በከተማችን በአዲስ አበባ ሲመሠረት በመሪዎቹ ፊት ዘፍናለች። ወደ አገሯ የገባችው በ1990 ዓ.ም. ነው፤ ይህም 30 ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

በዚህ መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ። ሰኔ 16 ቀን 1976 ዓ.ም. የሶዌቶ ተማሪዎች፣ እንደ እኛ ደብተር የያዙ ልጆች፣ በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ስቲቭ ቢኮ በእስር ላይ እንዳለ ሞተ። ሪቻርድ አተንቦሮ በ1987 ዓ.ም. ስለ እርሱ የሠራው «የነፃነት ጩኸት» በጎረቤት አገር በዚምባብዌ ተነሣ። በ1988 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ሳንሱር ቢፈቅደውም፣ መታየት በጀመረበት ቀን ፖሊስ ከሲኒማ ቤቶች ሰበሰበው። ፊልሙ ከቢኮ ይልቅ ስለ ነጩ ጋዜጠኛ ወዳጁ ይተርካል ብለው የነቀፉትም አሉ፤ ነቀፋው ከመጠጥ ቤቱ ክርክር ጋር አንድ ነው። በ1992 ዓ.ም. ግን ዳረል ሩድት ስለ ሶዌቶ ተማሪዎች የሚናገረውን «ሳራፊና» ሲያዘጋጅ፣ ማኬባ የልጅቷ እናት ሆና በገዛ አገሯ ተጫወተች። ይኸው አዘጋጅ በ1995 ዓ.ም. የፓተንን ታሪክ እንደገና በፊልም ሠራው፤ በዚህ ጊዜ አገሪቱ ነፃ ወጥታ ነበር።

ይህን ሁሉ በክፍላችን ስንወያይ ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቻችን፣ ልጁ በስቅላት የሞተበት ጥቁር አባት አልቅሶ ሲታረቅ፣ ነጩ አባት ርስቱን እንደያዘ ለድኾች ሕፃናት ወተት ቢልክ ይህ እርቅ አይባልም አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ሁለት ጠላቶች አብረው ሲያለቅሱ ያላየ ሕዝብ እርቅን ሊያስበውም አይችልም አልን። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ የ1951ዱ ፊልም እርቅን ከእውነት አስቀድሞ አሳየ፤ የ1959ኙ ደግሞ መጀመሪያ እውነቱ ይነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. መስማት የጀመረው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽንም ምሕረት የሚሰጠው ያደረገውን ሁሉ ለሚናዘዝ ብቻ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በቢኮ ሞት ምክንያት ምሕረት የለመኑት ፖሊሶች ተከለከሉ።

ውድ ወላጆችና መምህራን፤ እናንተም ጓደኞቻችን ሆይ! «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ የተሰበሰበውና የታገደው ፊልም ዛሬ በግልጽ ይታያል፤ ትሪዮምፍም በ2006 ዓ.ም. የቀድሞ ስሙን ሶፊያታውንን መልሶ አገኘ። እኛም በየቤታችንና በየሰፈራችን የምንጣላ ሰዎች ነንና፣ ይቅር እንባባል ከማለታችን በፊት የተበደለው ተናግሮ እስኪጨርስ መስማትን እንማር።