የመኖ ተክል በጠርሙስ ውስጥ ዳግመኛ ሲበቅል፦ ምግቡ ነው ወይስ ዘሩ?

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፣ ከመኖ ተክል ላይ ከተቈረጠ ትንሽ አካል በጠርሙስ ውስጥ ሙሉ ተክል ሲበቅል ወሳኙ ምግቡ ነው ወይስ ዘሩ የሚለውን ጥያቄ ከታሪኩ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እያንዳንዱ ሕዋስ ብቻውን ሙሉ ተክል ለመሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1902 ያቀረበው ሃበርላንት ነበር፤ ነገር ግን በሥራ ሊያሳየው አልቻለም። በ1957 ስኩግና ሚለር፣ የኦክሲንና የሳይቶካይኒን መጠን ሲለዋወጥ ከትንባሆ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ሥር፣ ሌላ ጊዜ ቀንበጥ እንደሚወጣ አስረዱ። በ1962ም ሙራሺጌና ስኩግ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የምግብ ቅመም አወጡ። ከዚህ የተነሣ፣ ተክሉ አልበቅል ሲል ጉድለቱን ሁሉ ከምግቡ መፈለግ ቀላል ሆነ።

አልፋልፋ የተባለው መኖ ግን ሌላ ምስክርነት ሰጠ። በአሜሪካ ቢንግሃምና ባልደረቦቹ በ1975 እንዳስታወቁት፣ በመጀመሪያ ዳግመኛ ለመብቀል የቻሉት ተክሎች 12 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የበቀሉትን እየመረጡ እርስ በርስ አዳቀሉ፤ ከሁለት ዙር ምርጫ በኋላ ቍጥሩ 67 ከመቶ ደረሰ። በ1980 ደግሞ ራይሽና ቢንግሃም ይህን ጠባይ ሁለት ገዢ ጂኖች እንደሚወስኑት ገለጡ። እንግዲህ ምግቡ በሩን ይከፍታል እንጂ፣ የሚገባውን የሚወስነው ዘሩ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር አገራችንን በቅርብ ይነካል። ከላንቻ በስተ ምሥራቅ በጉርድ ሾላ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በ1974 የተመሠረተውን የአፍሪካ የእንስሳት ማእከል የዘር ጎተራ ወርሶ ይጠብቃል። ከሚጠበቁት አንዱ የዝሆን ሣር ነው። ከፍሬው የሚበቅለው እናቱን በትክክል ስለማይመስል በቍራጭ ይተከላል፤ በማሳ ላይ ሲኖር ግን በሽታ ያሠጋዋል። ስለዚህ ማእከሉ በ1980ዎቹ የጠርሙሱን ዘዴ ለመኖ ተክሎች መመርመር ጀመረ።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። በጠርሙስ በቀላሉ የሚበቅለውን ብቻ የያዘ ጎተራ፣ ሳያስበው ምርጫ አድርጓል፤ እንቢ ያለው ዘር ምናልባት ድርቅን ወይም በሽታን የሚችለው ይሆናል። ከእንቡጥ ጫፍ ማብቀል ከሕዋሳት ክምችት ከማብቀል ይልቅ ይህን አድልዎ ያቃልላል። ስለሆነም አንድ ዘር በጠርሙስ አልበቅል ቢል፣ ከመዝገብ ከመሠረዙ በፊት በሌላ መንገድ እንዲሞከርና በማሳም እንዲጠበቅ ማድረግ ተገቢ ነው እንላለን።